በወሎ ጭቃና አሸዋ ለሚነዳ ሰው የመኪና ማውጫ ሰሌዳ አመራረጥ

በወሎ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ መንገድ የሚገባ ሾፌር ጭቃ የሚፈራባቸው ወቅቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ክረምት ሲሆን ሁለተኛው በደጋው ከየካቲት ጀምሮ መጣ ቀረ የሚለው በልግ ነው። በእነዚህ ወራት መኪና ሲያዝ የሚደረገው የታወቀ ነው፤ ረዳቱ ድንጋይ ይለቅማል፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይቆረጣል፣ በአቅራቢያው ያለ ሰው ተጠርቶ ይገፋል። ዘዴው ለብዙ ዘመን አገልግሏል፤ ዛሬም ያገለግላል። ይሁን እንጂ ድንጋዩ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ገበሬው ደክሞ ከካበው እርከን ላይ ነው፤ ቅርንጫፉም ዋልካ ውስጥ ከገባ በሁለት የጎማ ዙር ተውጦ ይጠፋል።

በገበያው ትራክሽን ቦርድ እየተባለ የሚሸጠው ሰሌዳ የተሠራው ይህን ድንጋይና ቅርንጫፍ ለመተካት ነው። ሰሌዳው በሁለቱም ገጹ ጥርስ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ105 እስከ 120 ሳንቲ ሜትር የሚረዝምና ወደ 33 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ሲሆን፣ በተያዘው ጎማ ፊት ተሸጉጦ ጎማው እንዲወጣበት ይደረጋል። የላይኛው ጥርስ ጎማውን ይይዛል፣ የታችኛው ጥርስ መሬቱን ይይዛል፣ የሰሌዳው ስፋት ደግሞ በአንድ ነጥብ ላይ ያረፈውን ክብደት ይበትነዋል። የሦስቱ ሥራዎች አስፈላጊነት እንደ አፈሩ ይለያያል፤ ስለዚህም ነው ሰሌዳ ከመግዛት በፊት የሚነዱበትን አፈር መለየት የሚያስፈልገው። ብዙ ገዢዎች በተቃራኒው በማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቶን አይተው ይመርጣሉ። ያ ቁጥር በእኔ እምነት መጨረሻ ላይ መታየት ያለበት ነገር ነው፤ ምክንያቱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ራልፍ ባግኖልድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የግብፅና የሊቢያን በረሃ በመኪና ሲያቋርጥ አሸዋ ለሚይዘው ጎማ የብረት ማንጠፊያ ይዞ ይጓዝ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ አሜሪካኖች ለአውሮፕላን ማረፊያ ያነጠፉት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ሳንቃ ከጦርነቱ በኋላ በየአገሩ የመኪና ማውጫ ሆኖ ቀረ። አንዱ ሳንቃ 3 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 38 ሳንቲ ሜትር ወርድና 30 ኪሎ ክብደት ነበረው። አሁን የምናየው ቀላል የፕላስቲክ ሰሌዳ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2005 በአውስትራሊያ ማክስትራክስ ከተሠራ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አስመስሎ የማይሠራ ፋብሪካ የለም ማለት ይቻላል። የምርጫው ችግርም ከዚህ ይጀምራል፤ በመልክ አንድ የሚመስሉ ሰሌዳዎች በጥራት እጅግ ይራራቃሉ።

አፈሩን ማወቅ

በጃማ፣ በደላንታና በመሰል ሜዳማ ቦታዎች የሚያጋጥመው ጥቁር አፈር፣ ዋልካ፣ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚሰነጠቅ የሸክላ አፈር ነው። መኪናን የሚይዘው ጥልቀቱ ብቻ አይደለም። የረጠበ ዋልካ በጎማው ጥርስ መካከል ገብቶ ስለሚሞላው፣ አዲስ የጭቃ ጎማ የተገጠመለት መኪና እንኳ ከጥቂት ዙር በኋላ ጥርስ እንደሌለው ጎማ ባዶውን ይሽከረከራል። በክረምቱ መግቢያ የረጠበው የላይኛው ንብርብር ብቻ ከሆነ አካፋ ይዞ ወደ ጠንካራው መሬት መድረስ ይቻላል። በነሐሴ ግን ጠንካራ መሬት ፍለጋ መቆፈር ጉድጓድ ከማስፋት ያለፈ ጥቅም የለውም። እዚህ ላይ ከሰሌዳው የሚፈለገው ጥርስና ጥርስ ብቻ ነው፤ ከላይም ከታችም።

በቆቦና በጊራና ሸለቆ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው። እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች ከደጋው ያወረዱት አሸዋ በበጋ ደርቆ ሲታይ ጠንካራ ይመስላል፤ የጫነ መኪና ሲገባበት ግን ጎማው ራሱን እየቀበረ ይሄዳል። በአሸዋ ላይ ጥርሱ ብዙም አያሳስብም። የሚያሳስበው ስፋቱና ግትርነቱ ነው። ስሌቱ ይህን ያሳያል፦ ሰውና ዕቃ የጫነ ላንድ ክሩዘር ወደ 3 ቶን ቢመዝን በአንድ ጎማ ላይ የሚያርፈው 750 ኪሎ ያህል ነው። ጎማው 35 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ነፋስ ከተሞላ ይህ ክብደት የሚያርፍበት የመሬት ስፋት 300 ካሬ ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። 115 በ33 የሆነ ሰሌዳ ስፋቱ ወደ 3,800 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ አሥራ ሁለት እጥፍ ያህል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ሰሌዳው ሳይታጠፍ ክብደቱን እስከ ዳር ማድረስ ከቻለ ብቻ ነው። ልል ሰሌዳ ከጎማው ሥር ተጣጥፎ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ ይነሣሉ፤ ያን ጊዜ ስፋቱ በወረቀት ላይ የቀረ ስፋት ይሆናል።

በአሸዋማ ወንዝ ውስጥ ለተያዘ ሰው ከሰሌዳም የሚቀድም ነገር አለ። በቆላው ጠብታ ሳይወርድ በደጋው የዘነበ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ስለሚችል፣ ወደ ተራራው ጠቁሮ ከታየ ወይም የአካባቢው ሰው «ውሃ መጣ» ካለ መኪናውን ትቶ መውጣት ነው።

ሦስተኛው ዓይነት የተዳፋት ቀይ አፈርና የተላጠ የደጋ መንገድ ነው። እዚህ መኪናው የሚያስቸግረው ወደ ጎን እየተንሸራተተ ነው፤ ሰሌዳ ደግሞ ወደ ፊት መያዣ እንጂ ወደ ጎን ማቆሚያ አይደለም። በገደል ጠርዝ ላይ ወደ ጎን የሚንሸራተት መኪናን በሰሌዳ አወጣለሁ ማለት አደገኛ ነው። መንገዱ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ለሆነበት ሾፌር ገንዘቡን በጎማ ሰንሰለትና በጥሩ መጎተቻ ገመድ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል።

ጥርሱንና ሆዱን ማየት

ሰሌዳ ሲገዙ መጀመሪያ ገልብጠው ሆዱን ይዩ። ብዙ ርካሽ ሰሌዳዎች ላያቸው በጥርስ ተሞልቶ ሆዳቸው ልሙጥ ነው፤ አንዳንዶቹም ለማጠንከሪያ የገባ ቀጭን መስመር ብቻ አላቸው። እንዲህ ያለው ሰሌዳ በዋልካ ላይ ሲነጠፍ ጎማው በደንብ ይይዘዋል፤ ከያዘው በኋላ ግን መኪናው ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ሰሌዳው ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ልሙጥ ሆድ ያለው ሰሌዳ ለጥቁር አፈር አገር በምንም ዋጋ አይገዛም። የታችኛው ጥርስ ቢያንስ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ቁመት ያለውና በሰሌዳው ርዝመት ሁሉ የተዘረጋ መሆን አለበት፤ በመሐል ብቻ የተሰበሰበ ጥርስ ሰሌዳው ጫፉ ላይ ሲጫን መሬቱን አይነካም።

የላይኛው ጥርስ ሲታይ ብዛቱ ሊያታልል ይችላል። ተጠጋግቶ የተሰካ ብዙ ትንንሽ ጥርስ ለዓይን ያስተማምናል፤ በዋልካ ግን ጭቃው በመካከሉ ገብቶ በአንድ ጊዜ ይደፍነዋል። ከዚህ ይልቅ ራቅ ራቅ ያለ፣ ቁመቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለና መሠረቱ ወፍራም የሆነ ጥርስ ይመረጣል። በጥርሶቹ መካከል ወደ ታች የሚያሳልፍ ቀዳዳ ቢኖር ደግሞ ጭቃው ተጨምቆ የሚወጣበት መንገድ ያገኛል። ጣትዎን በሁለት ጥርሶች መካከል ያስገቡ፤ ጣት በደንብ የማይገባበት ቦታ ጭቃ ገብቶ የማይወጣበት ቦታ ነው። የጥርሱን ጫፍም ይዳስሱ። ጠርዙ ስል ከሆነ ይይዛል፣ ከፋብሪካው ጀምሮ ክብ ከሆነ ይንሸራተታል።

ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራና በብሎን የሚፈታ ጥርስ ያላቸው ሰሌዳዎችም አሉ። ጎማው ቢሽከረከርባቸው አይቀልጡም፤ ያለቀው ጥርስ ብቻ ይለወጣል። ዋጋቸው ከፍ ያለ ስለሆነና መለዋወጫውን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ አገኛለሁ ብሎ መተማመን ስለማይቻል፣ በወር አንድ ጊዜ ወደ ገጠር ለሚወጣ ሰው አልመክርም። በየቀኑ ገጠር ለሚመላለስ የመሥሪያ ቤት መኪና ግን፣ በተለይ ሾፌሮቹ የሚቀያየሩበት ከሆነ፣ ሒሳቡ ይሠራል፤ የሰው መኪና የሚነዳ ሁሉ እግሩ ቀላል አይደለምና።

ከምን ተሠራ?

የፕላስቲክ ሰሌዳ በዋናነት ከሦስት ነገሮች በአንዱ ይሠራል። ጥሩ የሚባሉት የመስታወት ጭረት (እንደ ክር የቀጠነ መስታወት) የተቀላቀለበት ናይለን ናቸው። መካከለኛዎቹ ፖሊፕሮፒሊን፣ ርካሾቹ ደግሞ የውሃ ጀሪካን ከሚሠራበት ጋር የሚቀራረብ ፖሊኢትሊን ይሆናሉ። ልዩነቱ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው ግትርነት ሲሆን ሁለተኛው ሙቀት ነው። ጎማ በሰሌዳው ላይ ሲሽከረከር በሰበቃ የሚፈጠረው ሙቀት ጥርሱን ያቀልጠዋል፤ ፖሊኢትሊን 130 ዲግሪ አካባቢ፣ ፖሊፕሮፒሊን 160 አካባቢ፣ ናይለን ደግሞ እንደ ዓይነቱ 220ና ከዚያ በላይ ሲደርስ ይቀልጣል። ናይለኑ አይቀልጥም ማለት አይደለም፤ ስሕተትን ትንሽ ይታገሣል ማለት ነው።

ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ከሚለው ይልቅ ሰሌዳው ራሱ የሚናገረውን መፈለግ ይሻላል። በሆዱ በኩል፣ ብዙውን ጊዜ ከእጀታው አጠገብ፣ በቅርጽ የወጣ ትንሽ ጽሑፍ ይኖራል። በቀስቶች በተሠራ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ካለ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ 2 ካለ ፖሊኢትሊን ነው። ናይለን ለብቻው ቁጥር ስለሌለው 7 ይጻፍበታል፤ ወይም «ፒኤ6-ጂኤፍ30» የሚል በላቲን ፊደል የተጻፈ ምልክት ይገኝበታል፤ ይህም 30 በመቶ የመስታወት ጭረት ያለው ናይለን ማለት ነው። ምንም ጽሑፍ የሌለውን ሰሌዳ ወዲያው መናቅ ባያስፈልግም፣ በናይለን ዋጋ ግን አይገዛም።

ቀለምን በተመለከተ ሁለት ነገር ይጋጫል። ጥቁር ፕላስቲክ በአብዛኛው ፀሐይን የበለጠ ይቋቋማል፤ የወሎ ደጋ ፀሐይ ደግሞ ጣሪያ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚውልን ፕላስቲክ ያደርቀዋል። በሌላ በኩል ጥቁር ሰሌዳ በጥቁር አፈር ውስጥ ሲቀበር በቀላሉ አይገኝም። እኔ ብርቱካናማውን ወይም ቢጫውን መርጬ ከጣሪያ ይልቅ መኪናው ውስጥ ማስቀመጥን እመርጣለሁ።

ርዝመት፣ ግትርነትና የቶን ቁጥር

80 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሆኑ አጫጭር ሰሌዳዎች ለመያዝ ስለሚመቹ ይወደዳሉ። ነገር ግን 265/70 በ16 የሆነ ጎማ አንድ ጊዜ ሙሉ ሲዞር ወደ 2.4 ሜትር ይሄዳል። 115 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሰሌዳ እንኳ ከግማሽ ዙር ያነሰ መንገድ ነው የሚሰጠው፤ አጭሩ ደግሞ ሢሶ ዙር ብቻ ነው። ለአሸዋ ግማሽ ዙር መኪናውን ለማስነሣት ሊበቃ ይችላል። ለዋልካ ግን ጎማው ከሰሌዳው ሲወርድ መልሶ ስለሚያዝ፣ ሰሌዳውን እያነሡ ደጋግሞ ማንጠፍ ግድ ይሆናል፤ ሰሌዳው ባጠረ ቁጥር ድግግሞሹ ይበዛል። ስለዚህ ቦታ ካለ ረጅሙ ይመረጣል፤ ወርዱም ከጎማው ወርድ ቢያንስ በየጎኑ ሁለት ጣት የሚተርፍ ይሁን።

አሁን ወደ ቶኑ እንመለስ። «10 ቶን ይችላል» ተብሎ የሚጻፈው በደልዳላ መሬት ላይ ተዘርግቶ ከላይ ሲጫን ነው፤ ደልዳላ መሬት ላይ የተኛ ሳንቃም ይህን ያህል ይችላል። መኪና የሚያዝበት ቦታ ደግሞ ደልዳላ አይደለም። ሰሌዳው አንዱ ጫፉ ጉድጓድ ውስጥ፣ ሌላው ጫፉ ጠርዝ ላይ ሆኖ መሐሉ አየር ላይ ሲቀር የሚሸከመው ክብደት ከተጻፈው ጋር አይገናኝም። በዚህም ምክንያት የፕላስቲክ ሰሌዳን በመንገድ ዳር ቦይ ላይ እንደ ድልድይ መዘርጋት አይገባም። እንዲህ ያለውን ቦታ ለመሻገር ወይ ለዚያ ተብሎ የተሠራ የአሉሚኒየም ሳንቃ ያስፈልጋል፣ ወይም ቦዩን በድንጋይ መሙላት ነው። ድንጋዩን ከእርከን ላይ አንሥቶ የሞላ ሰው ሲወጣ ቢመልሰው ደግ ነው።

ግትርነትን በእጅ መፈተን ይቻላል። ሻጩን አስፈቅደው ሰሌዳውን በሁለት ድንጋይ ወይም በሁለት ጡብ ላይ ጫፍና ጫፉን ያሳርፉና መሐሉ ላይ በአንድ እግር ቀስ ብለው ይጫኑት። ትንሽ ጎንበስ ብሎ ሲለቁት ወዲያው የሚመለስ ጥሩ ነው። ጎንበስ ብሎ የሚቀር ከሆነ ወይም በታጠፈበት ቦታ ነጣ ያለ መስመር ካወጣ ይተዉት፤ ያ ነጭ መስመር ፕላስቲኩ ከውስጥ መጎዳት የጀመረበት ቦታ ነው። አንድ ሰሌዳ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ቢመዝን የተለመደ ነው፤ በመጠን እኩል ሆኖ 2 ኪሎ እንኳ የማይሞላ ከሆነ ቁሳቁስ ተቆጥቦበታል። ሁለቱን ሰሌዳዎች ደራርበውም ይዩ፤ ጥርስ ለጥርስ ገብተው የማይገጥሙ ከሆነ መኪና ውስጥ እጥፍ ቦታ ይይዛሉ።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ሁለቱን ጫፎች አተኩሮ ይመልከት። ጎማ መጀመሪያ የሚነክሰው እዚያ ስለሆነ፣ የቀለጠ ጥርስ ተደፍጥጦና አብረቅርቆ ይታያል። አንዱ ጫፍ ብቻ ያለቀ ከሆነ ሰሌዳው ገና ይሠራል፤ ሁለቱም ካለቁ ግን ዋጋው የፕላስቲክ ዋጋ ነው።

ብየዳ ቤት ማሠራት

ከውጭ የሚገባው ዋጋው ለከበደው፣ ወይም መኪናው ኢሱዙ ለሆነ ሰው፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ ብየዳ ቤት ማሠራት የማይናቅ አማራጭ ነው። የሚሻለው አሠራር ከላሜራ ይልቅ በመሰላል መልክ የተበየደ ነው፤ ላሜራ ጭቃ ሲቀባ ይንሸራተታል። 40 በ40 የሆነ ባለ 4 ሚሊ ሜትር አንጎላሬ (ባለ ማዕዘን ብረት) ሁለት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 1.20 ሜትር፣ ለጎንና ለጎን ይሆናል፤ በመካከሉ 35 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 12 ቁራጭ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ቶንዲኖ (ክብ የብረት ዘንግ) በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይበየዳል። የአንጎላሬው አንዱ ክንፍ ወደ ታች እንዲዞር ቢደረግ መሬቱን ይነክሳል። ክብደቱ 12 ኪሎ ያህል ይመጣል፤ ከፕላስቲኩ ሦስት እጥፍ በላይ ነው።

ብረቱ አይቀልጥም፣ ቢጎብጥም በመዶሻ ይቃናል። ሦስት ነገር ግን ይጠይቃል። ጠርዙና የብየዳው ጫፍ በግራይንደር መለስለስ አለበት፤ አለዚያ የጎማውን ጎን ይቀድዳል። የእያንዳንዱ ቶንዲኖ ብየዳ ዙሪያውን ሙሉ መሆን አለበት፤ ጠብታ ጠብታ የተበየደ ቶንዲኖ በጎማው ተመትቶ ሲነቀል ሰውን ወይም ሳልቫታዮውን (የነዳጅ ቋቱን) ሊመታ ይችላል። በመጨረሻም ብረቱ በክብደቱ ዋልካ ውስጥ ስለሚሰምጥ፣ ዳሩ ላይ ወፍራም ገመድ የሚታሰርበት ቀለበት ይበየድለት።

የኋላ ጎማው ጥንድ ለሆነ ኢሱዙ ወርዱ 33 ሳንቲ ሜትር የሆነው የፕላስቲክ ሰሌዳ ከውጭው ጎማ ሥር ብቻ ነው የሚገባው፤ ጭነቱን ጨምሮ ከ10 ቶን የሚያልፍ መኪና ደግሞ በዚያ ላይ ቢወጣ ሰሌዳውን ይሰብረዋል። ለእንዲህ ያለ መኪና የብረቱ መሰላል በልኩ ሰፍቶ ይሠራ፤ ከዚያም ጭነቱን ማራገፍ ከሁሉ ይቀድማል።

ስንት ይበቃል?

ፎርዊል ለሆነ አንድ መኪና ሁለት ሰሌዳ መነሻ ነው፤ ለብቻው ወደ ገጠር ለሚጓዝና ዋልካ ለሚበዛበት ሾፌር አራት ቢሆን ይሻላል። አራት ሲሆን ሁለቱ ከጎማው ሥር፣ ሁለቱ ከፊታቸው ተከታትለው ይነጠፋሉ፤ የተገኘው ግማሽ ዙር ወደ አንድ ዙር ይጠጋል ማለት ነው። ሁለት መኪና አብሮ የሚሄድ ከሆነ ሁለት ሰሌዳና አንድ ጥሩ መጎተቻ ገመድ ከአራት ሰሌዳ ይበልጣል። በምንም ሁኔታ ግን ሰሌዳ ያለ አካፋ አይገዛም። ገንዘቡ ለሁለቱ የማይበቃ ከሆነ አካፋው ይቅደም።

አጠቃቀሙ ከምርጫው አይለይም

ጥሩ ሰሌዳ በመጥፎ እግር በአንድ ቀን ያልቃል። መኪናው መያዙ እንደታወቀ ነዳጅ መስጠት ማቆም፣ ወርዶም ከሥር ማየት ነው። ዲፍረንሻሉ ወይም ሻንሲው መሬት ላይ ተቀምጦ ከሆነ አራት ሰሌዳም ቢነጠፍ አይወጣም፤ ከሥሩ ያለው አፈር በአካፋ መወገድ አለበት። ቀጥሎ ከጎማዎቹ ፊት ያለውን ጭቃ እንደ ተዳፋት አድርጎ መቁረጥና በጎማው ጥርስ የተሞላውን በእንጨት መፋቅ ያስፈልጋል። የሚወጣበት አቅጣጫ ወደ ፊት መሆኑ ግዴታ አይደለም፤ የመጣበት መንገድ ጠንካራ ከነበረ ወደ ኋላ መውጣት ይቀላል።

የጎማ ነፋስ መቀነስ ከሰሌዳው እኩል ይረዳል። ከ35 ወደ 18 ፒኤስአይ ቢወርድ ጎማው መሬት የሚነካበት ስፋት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ካላማዳሪ ያለው ጎማ የሚጠቀም ላንድ ክሩዘር ግን ይህን ያህል አይውረድ፤ ጎማው በቸርኬው ላይ ተንሸራትቶ የካላማዳሪውን አፍ ሊበጥሰው ይችላል። ከወጡ በኋላ የሚሞላ ኮምፕሬሰር ከሌለና ጎሚስታ ሩቅ ከሆነ፣ በተለይም መንገዱ ድንጋያማ ከሆነ፣ ብዙ አለማውረድ ይመረጣል።

ሰሌዳው ከጎማው ፊት ይቀመጣል ሲባል አጠገቡ ይጣላል ማለት አይደለም። ጫፉ ከጎማው ሥር እስከሚችለው ድረስ በእግር ወይም በአካፋ እጀታ ተመትቶ መሸጎጥ፣ ሌላው ጫፍ ደግሞ ከመሬቱ ብዙ ከፍ ሳይል መተኛት አለበት። መሪው ቀጥ ይበል። ፎር ሎው (የአራቱም ጎማ ዝግተኛ ማርሽ) ገብቶ፣ ዲፍሎክ (የዲፍረንሻል መቆለፊያ) ካለም ተቆልፎ፣ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ጎማው ሰሌዳውን ነክሶ መውጣት ከጀመረ በዚያው ልክ ይቀጠላል፤ ባዶውን መሽከርከር ከጀመረ ግን ወዲያው እግርን ማንሣት ነው። ጥርስ የሚቀልጠው በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ነው፤ የፕላስቲክ ቃጠሎ ሽታ ከመጣ ደግሞ አስቀድሞ ቀልጧል።

ወሎ ላይ መኪና ተይዞ ሰው ሳይሰበሰብ አይቀርም፤ ሳይጠሩት መጥቶ ይረዳል። ድንጋይ ሲነጠፍ ከኋላ ሆኖ መግፋት የተለመደ በመሆኑ ሰሌዳም ሲነጠፍ ሰዉ እዚያው ይቆማል፤ ነገር ግን ከጎማ ሥር ያመለጠ ሰሌዳ እግር ይሰብራል። ሞተር ከመነሣቱ በፊት ከተሰበሰቡት በዕድሜ ገፋ ያሉትን «አባቴ፣ ልጆቹን ከጎማው ትይዩ ወደ ዳር ያርቁልኝ» ብሎ መለመን ሾፌሩ ራሱ ከሚጮኸው ይልቅ ይሰማል። መግፋት ካስፈለገም ከጎማዎቹ መሥመር ውጪ፣ በመኪናው ጎን ሆኖ ይሁን።

መኪናው ከወጣ በኋላ ሰሌዳውን ለማንሣት ብሎ ለስላሳው ቦታ ላይ ማቆም አይገባም፤ ጠንካራ መሬት እስኪደረስ ይነዳል፣ ረዳቱም ተመልሶ ያወጣዋል። ለዚህ ሲባል በእያንዳንዱ ሰሌዳ ጫፍ ቀዳዳ ላይ ወደ 2 ሜትር የሚሆን ደማቅ ቀለም ያለው ገመድ አስቀድሞ ይታሰር፤ ሌላው የገመዱ ጫፍ መሬት ላይ ይቅር እንጂ ከመኪናው ጋር አይታሰር። ዋልካ የዋጠውን ሰሌዳ በእጅ ፈልጎ ማውጣት መኪናውን ከማውጣት የማይተናነስ ሥራ ነው።

ማስቀመጫውም አስቀድሞ ይታሰብበት። በፖርቶመጋላ (በጣሪያው የዕቃ መጫኛ) ላይ የሚታሰር ከሆነ ቁልፍ ያለው ማሰሪያ ይኑረው፤ መኪና ውስጥ ከሆነ ከጭነት በላይ ወይም ከመቀመጫ ጀርባ እንጂ ከሥር አይሁን፤ በጭቃ መሐል አሥር ኩንታል እህል ማውረድ ካስፈለገ ሰሌዳው መኖሩ አይጠቅምም። ከጉዞ ሲመለሱ ጭቃው ሳይደርቅ በውሃና በእንጨት ማጽዳት ይገባል፤ የደረቀ ዋልካ በጥርሶቹ መካከል ተጣብቆ ሲፋቅ ጥርሱን ይዞ ይነሣል። ሲታጠብም የትኛው ጫፍ የበለጠ እንዳለቀ አይቶ ደህናውን ጫፍ በቀለም ምልክት ማድረግ፣ በሚቀጥለው ጊዜም ከጎማው ሥር የሚሸጎጠው እርሱ እንዲሆን ለረዳቱ መንገር ያስፈልጋል።